ቢልሱትም የማያስደነግጥ ቀለም፦ ለልጆቼ ከጓዳ የምሠራው

ቅዳሜ ጠዋት

ትንሹ ልጄ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። እህቱ ደሞ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፣ ቀን ሙሉ ቀለም ቀለም እያለች ነው የምትውለው። ለሷ ቀለም ሲወጣ እሱ በዳዴ ደርሶ ይልሰዋል፣ ለሱ ተብሎ ሲከለከል እሷ ታለቅሳለች። ስለዚ ሁለቱም አብረው እጃቸውን ነክረው የሚጫወቱበት፣ ትንሹ አፉን ሞልቶ ቢውጠው እንኳን ሐኪም ቤት የማያስሮጥ ቀለም እዚሁ ኩሽናዬ ውስጥ ልሠራ ነው። እየሠራሁ እጽፈዋለሁ፣ ልኬቱንም፣ ያልያዘልኝንም፣ ያማረልኝንም፣ ትንሽ ልጅ ያላችሁ ሁሉ አብራችሁኝ ሞክሩ።

መጀመሪያ የሱቁን ቀለም ነገር ልጨርስ። ዕቃው ላይ "ኖን ቶክሲክ" (መርዛማ ያልሆነ) የሚል ስናይ ልጁ ቢበላው ችግር የለውም የሚል ይመስለናል፣ ግን የሚለው ለተሠራበት ጉዳይ ማለትም ለመቀባት ሲውል አይጎዳም ነው እንጂ ምግብ ነው አላለም። አውሮፓ ውስጥ በጣት ለሚቀባ የልጆች ቀለም ኢኤን 71-7 የሚባል ደረጃ አለ፣ ደረጃው ቀለሙ ውስጥ መራራ ነገር እንዲገባ ያስገድዳል፣ ልጁ አንዴ ሲቀምሰው ፊቱን አጨማዶ እንዲተፋው። እነሱም ልጅ ቀለም እንዲበላ አልፈለጉም ማለት ነው። እኛ ሰፈር ያሉ ስቴሽነሪዎች የሚሸጡት አብዛኛው ግን ምን ደረጃ እንዳለፈ አልተጻፈበትም፣ አንዳንዱ ጭራሽ የት እንደተሠራ እንኳን የለበትም። የግድግዳና የብረት ቀለምማ አይወራም፣ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ከ90 ፒፒኤም ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፣ ግን ከዛ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ያለው ስንት ቤት አለ፣ የተላጠውን ልጆች እየፈቀፈቁ ይበሉታል። ለልጅ አእምሮ ችግር የለውም የሚባል የሊድ መጠን የለም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይሄንኑ ነው።

ስለዚ መለኪያዬ አንድ ብቻ ነው፦ ልጆቼ ከዚህ በፊት ምግብ አድርገው የበሉት፣ በልተውም ምንም ያልሆኑበት ነገር ብቻ ነው ቀለሙ ውስጥ የሚገባው። "ተፈጥሯዊ ነው" የሚለው ለኔ አይበቃኝም። እማዬ ሐሳቤን ስትሰማ "እንሶስላ አለልሽ አይደል እንዴ፣ አንቺም እሱን እየሞቅሽ ነው ያደግሽው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እንሶስላ የተክል ሥር ነው፣ ምንም ኬሚካል አልነካውም፣ ግን የሚሞቅ እንጂ የሚበላ አይደለም፣ የኔ ልጅ ደሞ ጣቱን ሲጠባ ነው የሚውለው። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ከተጠቀሙባቸው ቀለሞች ውስጥም ሲናባርና ኦርፒመንት የሚባሉ አሉ፣ ቀዩ ሜርኩሪ ያለበት ነው፣ ቢጫው አርሴኒክ ያለበት፣ ሁለቱም ከመሬት የተቆፈሩ የተፈጥሮ ማዕድናት ናቸው። ቆንጆ ሥዕል ወጥቶባቸዋል፣ ሕፃን አጠገብ ግን አይደርሱም።

ቅዳሜ ረፋድ

ከመጀመሬ በፊት የማይገቡትን ጻፍኩና ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ እኔ ብቻ አይደለሁም የምሠራው፣ ባለቤቴም አለ፣ እህቴም ትመጣለች።

ማር አይገባም። ትንሹ ዓመት አልሞላውም፣ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር የሕፃን አንጀት ውስጥ ገብቶ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ ትልቅ ሰው ላይ ምንም አያደርግም፣ ከ12 ወር በታች ላለ ልጅ ግን ለመቅመስም አይሰጥም፣ ማፍላትም አያድነውም። ጥሬ ዱቄት አይገባም፣ ዱቄት ደረቅና ንጹሕ ስለሚመስል ሰው አይፈራውም እንጂ ያልበሰለ ነገር ነው፣ ኢ ኮላይና ሳልሞኔላ የሚባሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላሉ፣ መብሰል አለበት። ጥሬ እንቁላልም እንደዛው። ጨው አይገባም፣ ይሄኛው ብዙ ሰው ጋ የማየው ነው፣ ቀለሙ እንዳይበላሽ ተብሎ ስኒ ሙሉ ጨው ይገለበጥበታል፣ ከዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ለቀኑ ሙሉ የሚያስፈልገው ከ1 ግራም ያነሰ ጨው ነው፣ ኩላሊቱ ብዙውን አይችለውም። በርበሬ ለቀይ ይሆናል ያለኝ ሰው ነበር፣ ዓይኑን በዛ እጅ ሲያሽ ማሰብ ነው። ከሰልና ጥላሸትም ለጥቁር አይሆኑም፣ ጥቁር ቀለም ይቅርብን።

የሱቅ የምግብ ቀለምም ትቼዋለሁ። አንድ ጠብታ ልጅ ይገድላል አላልኩም፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ጥናት አንዳንድ ሰው ሠራሽ ቀለሞችን ልጆች ላይ ከሚታይ መቅበጥበጥ ጋር አያይዟቸዋል፣ አውሮፓ ኅብረትም ከ2010 ጀምሮ ታርትራዚንን ጨምሮ ስድስት ቀለሞች ያሉበት ምግብ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። አሜሪካኖቹም በጥር 2025 ቀይ ቁጥር 3 የሚባለውን ከምግብ እንዲወጣ ወስነዋል። ቀይ ሥር ጉሊት ላይ ተከምሮ እያለ ምን አስጨነቀኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ መሠረቱ

ቀለም ማለት ማቅለሚያውና የሚይዘው ነገር ነው። የሚይዘውን ዛሬ በሦስት ድስት ሞከርኩ።

አንደኛው ኮርን ፍላወር ነው፣ ነጩን ስታርች ማለቴ ነው፣ የገንፎውን የበቆሎ ዱቄት አይደለም። 3 የሾርባ ማንኪያ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩ፣ 1 ብርጭቆ ውሃ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ጣድኩና ሊፈላ ሲል የተበጠበጠውን እያማሰልኩ ጨመርኩበት። እሳት ላይ በቀጥታ ዱቄቱን የሚበትን ሰው ጓጓላ ነው የሚያገኘው፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጡ ግዴታ ነው። 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የስታርቹ ቅንጣት ውሃውን እየጠጣ ያብጥና ነጭ የነበረው ብርሃን ወደሚያሳልፍ ዝልግልግ ነገር ይቀየራል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ሲበርድ የበለጠ ስለሚጠነክር እሳቱ ላይ ቀጠን እንዳለ ነው የሚወርደው።

ሁለተኛው የስንዴ ዱቄት ነው። ያዘ፣ ግን ደመናማ ነው፣ ቀለም ሲገባበት ይደበዝዛል፣ ደሞ ስንዴ አለርጂ ያለበት ልጅ ያለው ቤት አይሆንም። አለፍኩት።

ሦስተኛው ቡላ። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ጓዳ ውስጥ አይቼው ነው ያነሳሁት፣ ቡላ እኮ ራሱ የእንሰት ስታርች ነው፣ ልጆቹም አጥሚቱን ይጠጡታል። በወንፊት ነፋሁት፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩት፣ 3 ማንኪያ ለ1 ብርጭቆ እንደላይኛው አድርጌ ለስለስ ባለ እሳት ላይ ማማሰል ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም አይታይም፣ ቀጥሎ ከድስቱ ሥር በኩል ክር ክር የሚል ነገር ማማሰያው ላይ ይጠመጠማል፣ ያኔ ነው እጅ ማቆም የሌለበት፣ ወዲያው ሁሉም አንድ ላይ ይይዝና ወዝ ያወጣል፣ ማማሰያውን ብድግ ሲያደርጉት ሳይበጠስ ረጅም ሆኖ ይንጠለጠላል። ጣቴን ነክሬ ትሪ ላይ ጎተትኩት፣ የጣቴ መስመር እንዳለ ቆመ፣ ኮርን ፍላወሩ ቀስ እያለ ተመልሶ ሲገጥም ቡላው ግን አልገጠመም። ለጣት ቀለም የሚፈለገው ይሄ ነው። ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲንም የለውም። ትንሽ የመጎምዘዝ ሽታ አለው፣ ልጆቹ ስለለመዱት ግድ የላቸውም። ነጩም ፍጹም ነጭ አይደለም፣ ወደ ክሬም ያደላል፣ ስለዚ ለደማቅ ቀለሞች ኮርን ፍላወር፣ ለወፍራሙ መጫወቻ ቡላ ብዬ ለየሁ።

ቡናማ ደሞ ያለምንም ማቅለሚያ ተገኘ፣ የቀይ ጤፍ ዱቄት እንደ አጥሚት በደንብ በስሎ ሲበርድ ራሱ ቡናማ ቀለም ነው። ቀረፋ ለቡናማ የሚጠቀሙ አሉ፣ እኔ አልነካውም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት የሚሸጥ የተፈጨ ፖም ውስጥ የገባው ቀረፋ ሊድ ተገኝቶበት ስንቱን ልጅ በክሏል። የተፈጨ ቅመም ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በዓይን አይታወቅም።

እሁድ፣ ቀይ ሥር

ቀይ ሥሩን ከነልጣጩ ቀቀልኩት፣ ተልጦ ከተቀቀለ ቀለሙ ሁሉ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከዛ ልጬ፣ ፈቅፍቄ፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጨመቅኩት። 1 መካከለኛ ቀይ ሥር ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ወፍራም ጭማቂ ይሰጣል፣ ለ1 ብርጭቆ መሠረት 2 ማንኪያ ይበቃል። ጥሬውን መጭመቅ ቀለሙ ይበልጥ ይደምቃል ግን አፈር ውስጥ የነበረ ነገር ነው፣ ለሚልስ ልጅ የበሰለው ይሻለኛል።

ጭማቂውን መልሶ ማፍላት አይገባም። የቀይ ሥር ቀለም ቤታኒን የሚባል ነገር ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት እየሞተ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ስለዚ መሠረቱ ለብ እስኪል ተጠብቆ ነው የሚገባው፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ሎሚ ሲጨመርበት ደሞ ይረጋል፣ ሎሚው ግን ከጠብታ አይለፍ፣ ልጅ አፉ ዙሪያ ቆዳው ይቆጣል፣ ስታርቹንም ያቀጥነዋል። የወጣው ቀለም በጣም ደማቅ ሮዝ ነው፣ ትልቋ "የኔ ቀሚስ!" አለች፣ ቀሚሷ እንዲህ አይነት ነው።

አንድ ነገር ቤት ውስጥ ላሉ ሁሉ ተናገሩ፦ ቀይ ሥር የላሰ ልጅ በማግስቱ ዳይፐሩ ቀይ ሊሆን ይችላል፣ ሽንቱም ጭምር። ያልሰማ ሰው ደም ነው ብሎ ነው የሚደነግጠው። እኔ ለእማዬ አስቀድሜ ደውዬ ነገርኳት።

ሰኞ ማታ፣ አረንጓዴ

ቆስጣ ነው የያዝኩት። እንደ ወጥ ሲቀቀል የወጣው ቀለም የወይራ ፍሬ አይነት ደብዛዛ ሆነ፣ አያምርም። ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል መሃሉ ላይ ማግኒዚየም አለው፣ እሳቱና ቅጠሉ ራሱ የሚያወጣው አሲድ ማግኒዚየሙን ያስወጡታል፣ ያኔ አረንጓዴነቱ ይጠፋል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ብዙ የፈላ ውሃ፣ ክዳን ሳይደረግ፣ ቅጠሉ ይገባና አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ወዲያው ተነስቶ በጣም ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ከዛ በብሌንደር መፍጨት፣ በጨርቅ መጭመቅ። አሁን ነው አረንጓዴ የሆነው። አረንጓዴው ውስጥ ሎሚ በፍጹም አይገባም። ግንዱን ቆርጬ ጣልኩት፣ ጭረቱ ጉሮሮ ውስጥ እንዳይቀር፣ ጨርቁም በደንብ ያጣራው እንደሆነ በጣቴ አሽቼ አይቻለሁ።

ቆስጣና ቀይ ሥር፣ ካሮትም ጭምር፣ ናይትሬት የሚባል ለጨቅላ ልጅ የማይስማማ ነገር ስላላቸው ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ አልሠራም። ደሞ ጭማቂያቸው ክፍል ውስጥ ሲውል ባክቴሪያ ናይትሬቱን ወደባሰ ነገር ይቀይረዋል፣ የዛሬው ዛሬ ፍሪዘር መግባት አለበት።

ረቡዕ፣ እርድ

ከሁሉም በላይ የተጨነቅኩበት ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ቢጫ የሚወጣው በጣም በቀላሉ ነው፣ አደጋውም በቀላሉ ነው የሚገባው። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድ ደማቅ እንዲሆን ሊድ ክሮሜት የሚባል የኢንዱስትሪ ቢጫ ቀለም ይጨመርበት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እዛ ደሞ የሚጨመረው ዱቄቱ ላይ ብቻ አልነበረም፣ የደረቀው ሥር ሲወለወል ነው የሚቀቡት፣ ስለዚ "ድፍኑን ገዝቼ እቤት አስፈጫለሁ" ማለትም ብቻውን አያድንም። አክስቴ ቴፒ ናት ያለችው፣ አካባቢው የቅመም አገር ነው፣ ከጓሮ የተነቀለ እርጥብ እርድ አፈሩ እንኳን ሳይራገፍ ሰው አግኝታ ላከችልኝ። እርጥብ ሥር ላይ ማንም ምንም አይቀባም። አክስት የሌለው ሰው እርጥቡን ካላገኘ ቢጫው ይቅር ነው የምለው፣ የበሰለ ካሮት ወይም ዱባ ፈጭቶ በወንፊት ማሳለፍ ቀላ ያለ ቢጫ ይሰጣል፣ ቀለሙ ፈዛዛ ነው ግን ልብ ያሳርፋል።

እርጥቡን አጥቤ፣ ልጬ፣ ቀቅዬ ፈቀፈቅኩት። ለ1 ብርጭቆ መሠረት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሞልቶ ይተርፋል፣ እርድ ስስት አያውቅም። እርድና ቀይ ሥር ሲቀላቀሉ ብርቱካናማ ይወጣል፣ ከቆስጣው ጋር ደሞ የቅጠል ቡቃያ አረንጓዴ።

የትንሹ ካናቴራ ላይ ጠብታ ወደቀችና በልብስ ሳሙና ሳሸው ቢጫው ዓይኔ እያየ ደም መሰለ! ቀይ፣ ቡኒ ያለበት ቀይ። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሳሙና አይነት አልካላይን ሲያገኝ ነው እንዲህ የሚሆነው፣ በንጹሕ ውሃ ሲለቀለቅ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። እህቴ አጠገቤ ነበረች "ድገሚው ድገሚው" እያለች አስደገመችኝ። የቀረችውን እድፍ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት፣ የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም፣ እየነጣ ነው የሚሄደው።

ሐሙስ

ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጥቅል ጎመን ተገኘ፣ ሱፐርማርኬት እንጂ ጉሊት ላይ አላየሁትም። ከትፌ በትንሽ ውሃ ቀቀልኩና ውሃውን እስኪወፍር አተነንኩት። ይሄኛው ለትልቋ ትምህርት ሆነ፣ ሦስት ስኒ ላይ ከፈልነው፣ አንዱ እንዳለ፣ አንዱ ላይ ሎሚ ጠብ ሲል ወዲያው ሮዝ ሆነ፣ ሦስተኛው ላይ በጥፍር የሚያዝ ያህል ቤኪንግ ሶዳ ስናደርግ ሰማያዊ ወጣ፣ ትንሽ ስንጨምር ወደ አረንጓዴ ሊሄድ አለ። ሰማያዊ ከምግብ ማግኘት ከባድ ነው፣ እስካሁን ያገኘሁት መንገድ ይሄ ብቻ ነው። ሶዳው ግን እንደ ጨው ሶዲየም አለበት፣ ስለዚ ሰማያዊውን ለእህቱ ብቻ ነው የሰጠኋት፣ የትንሹ ሰሃን ላይ ሮዝና ወይን ጠጁ ብቻ። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ሽታው ግን የተቀቀለ ጎመን ሽታ ነው፣ መስኮት ክፈቱ።

ቅዳሜ፣ መቀባት

ለትንሹ ሳፋ ነው ያዘጋጀሁት። ዳይፐር ብቻ አድርጌ ባዶ ሳፋ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ፊት ለፊቱ ሮዝ፣ ቢጫና ቡላ በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረኩለት። ወረቀት አልሰጠሁትም፣ የራሰ ወረቀት ቀዶ ይውጠዋል፣ ጉሮሮው ላይ ቢለጠፍስ፣ የሳፋው ግድግዳ ሸራው ነው። መጀመሪያ ጣቱን ነከረና ወደ አፉ አደረገ፣ ቆመ፣ አየኝ፣ ደገመ። ከዛ ሁለት እጁን አንድ ላይ ቡላው ላይ አጨበጨበ። ጭኑ ላይ ቀባ፣ ጆሮው ውስጥ ሊከተው ሲል ያዝኩት። ከሱ አጠገብ ለአንዲት ደቂቃም አልተነሳሁም፣ ስልክም ቢጠራ አይነሳም፣ ቀለሙ የሚበላ ነው ማለት ልጁ ብቻውን ይሁን ማለት አይደለም።

ትልቋ ወፍራም ካርቶን ላይ ነው የሠራችው። የሲሚንቶ ወረቀት ሰው ያስባል ሰፊ ስለሆነ፣ እባካችሁ እሱን አትጠቀሙ፣ ውስጡ የቀረው ሲሚንቶ ሲርስ ቆዳ ያቃጥላል፣ አቧራውም ሳንባ ነው የሚገባው። ጋዜጣም እርጥብ ሆኖ አፍ ውስጥ ቀለሙን ይለቃል።

ወለላችን ሴራሚክ ነው፣ ስታርች የፈሰሰበት ሴራሚክ ደሞ ያዳልጣል፣ አንሶላ አንጥፌ ነው ሳፋውን ያስቀመጥኩት፣ ልጁን ከሳፋው ሳነሳም እጄ ሙልጭልጭ ስለሚል ፎጣ ጠቅልዬ ነው ያነሳሁት። ይሄን ማንም አይነግራችሁም።

ገላውን ካጠብኩት በኋላ ቀይ ሥሩ ለቀቀ፣ እርዱ ግን ጉንጩና መዳፉ ላይ ቀረ። ከሰዓት ጎረቤታችን ገብተው ሲያዩት "ውይ የኔ እናት፣ ልጁን የወፍ በሽታ ያዘው እንዴ?" ብለው ደነገጡ፣ ዓይኑን ገልጬ ነጩን አሳየኋቸው፣ ነጩ ነጭ ከሆነ ቆዳው ላይ ያለው እርድ ነው። በማግስቱ ለቀቀ። ቀጠሮ ወይም እንግዳ ካለ እርዱን ለሌላ ቀን ማድረግ ነው።

የትልቋ ሥዕል ሲደርቅ ይጠቀለላል ይሰነጣጠቃልም፣ ምግብ ስለሆነ በረሮና ጉንዳን ይጠራል፣ ይሻግታልም። ፎቶ እያነሳሁ ካርቶኑን እጥላለሁ። እሷ ፎቶውን ለአያቷ እንድልክላት ነው የምትፈልገው፣ ሌላው ግድ የላትም።

እሁድ፣ ማስቀመጥ

ይሄ ቀለም ምንም ማቆያ የለውም፣ እንደ በሰለ ምግብ ነው የማየው። ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ አይውልም፣ ፍሪጅ ውስጥ በተከደነ ዕቃ እስከ 3 ቀን፣ የልጅ እጅ የገባበት ደሞ ወዲያው ይደፋል፣ ምራቅ ገብቶበታል። የሚቀመጠው ጭማቂው ነው፣ የበረዶ መሥሪያ ውስጥ አድርጌ ፍሪዘር አስገባሁት፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ማንኪያ ገደማ ይይዛል፣ ከዛ በላስቲክ አድርጌ ቀለሙንና ቀኑን ጻፍኩበት። ልጆቹ ሲፈልጉ ትኩስ መሠረት በ10 ደቂቃ አበስልና ለብ ሲል ሁለት ኪዩብ እጥልበታለሁ፣ አለቀ። መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ኪዩቦቹ ከቀለጡ መልሼ አላስቀዘቅዝም፣ ለጓሮው ተክል ነው የማፈሰው።

ማክሰኞ

ጓደኛዬ የአራት ወር ልጅ አላት፣ "ለኔስ?" አለችኝ። ምግብ ላልጀመረ ልጅ የሚበላ ቀለም የሚባል የለም፣ ውሃም እንኳን አይሰጠውም። ለሱ ያደረግነው ወፍራም ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ ሁለት ቀለም በማንኪያ ጨምረን፣ አየሩን አውጥተን፣ ዚፑ ላይ በሰፊ ፕላስተር ደግመን አሸግን፣ ከዛ አራቱንም ጠርዝ ትሪ ላይ በፕላስተር ለጠፍነው። በደረቱ ተኝቶ በመዳፉ ሲጫነው ሮዝና ቢጫው ውስጥ ለውስጥ ይቀላቀላሉ፣ ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚያየው። ላስቲክ ነውና እናቱ አጠገቡ ካልሆነች አይሰጠውም፣ ጨዋታው ሲያልቅም ወዲያው ይነሳል።

ሌላ እናት ደሞ እርጎ ለምን መሠረት አላደረግሽም አለችኝ። ይሆናል፣ ማብሰልም አይፈልግም፣ ስኳር የሌለው እርጎ ላይ ቀይ ሥር ጠብ ማድረግ ነው፣ ግን የከብት ወተት የማይስማማቸው ልጆች ብዙ ናቸው፣ ደሞ ቶሎ ይኮመጥጣል። የልጃችሁን ሆድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አዲስ ነገር ከሆነ ግን መጀመሪያ በማንኪያ ይቅመሰው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይታይ፣ ከዛ ነው ገላው ላይ የሚቀባው። ሽፍታ ሲወጣ ከየትኛው እንደሆነ የሚታወቀው እንደዛ ነው።

ቅዳሜ

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ነበር፣ ትንሹ ቀለም ማለት የሚበላ ነገር ነው ብሎ እንዳያድግ። ስለዚ የቀለሙን ዕቃ ከምግቡ ዕቃ ለየሁት፣ ሰማያዊዎቹ ሰሃኖች የቀለም ብቻ ናቸው፣ መመገቢያ ወንበሩ ላይም ቀለም አይወጣም፣ ሳፋው ላይ ብቻ። ሲልሰው አልቆጣውም፣ እጁን ይዤ ወደ ሳፋው ግድግዳ እወስደዋለሁ። ትልቋ አሁን ራሷ "አይበላም፣ ይቀባል" ትለዋለች። እሷ ነገሮችን አፏ ውስጥ ማስገባት እየተወች ስለሆነ ሦስት ዓመት ስትሞላ ደረጃው የተጻፈበት መራራውን የጣት ቀለም አስመጣላታለሁ፣ ደርቆ የሚቆይ ሥዕል ትፈልጋለችና፣ እሱ ግን ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ትንሹ ሲተኛ ብቻ የሚወጣ።

ቀጥሎ የምሞክረው ከርከዴ ነው። ቀለሙ ልክ እንደ ጥቅል ጎመኑ በአሲድና በሶዳ የሚቀያየር አይነት ነው፣ ሽታ የለውም፣ ደረቅ ስለሆነ ደሞ ፍሪዘር አይፈልግም። ግን ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ስታርቹን ሳያቀጥን አይቀርም ብዬ መሠረቱን በ4 ማንኪያ ልጀምረው አስቤያለሁ፣ ልጆቹም ቀምሰውት ስለማያውቁ መጀመሪያ ቀጭን አድርጌ በማንኪያ አቀምሳቸዋለሁ። ውጤቱን ከነልኬቱ እዚሁ እጨምራለሁ።